የማይዋጥ ድምፅ

ያፌት ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ መጀመሪያ የሚሠራው በበሩ ጉበን ላይ ያለውን ጆሮ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነበር። ጆሮው የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ ብረት ነው። አቧራ የለበሰ ጆሮ ያስጠይቃል። ከዚያ የሚስቱን የሜላትን ትራስ ያስተካክላል፣ ውሃ ያጠጣታል፣ በእጇ አንጓ ላይ የታሰረውን አምባር ያያል። አምባሩ አረንጓዴ ካበራ ቀኑ ይጀመራል።

ቤታቸው ሀዲድ ሳይት፣ ብሎክ አሥራ ዘጠኝ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሳይቱ ልጅ የለም። ወጣቱ ሥራ ወዳለበት ወደ ቆላ ከተሞች ከወረደ ቆይቷል፤ የቀሩት ብቻቸውን ወይም ሁለት ሁለት ሆነው የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። በብሎኮቹ መካከል ባለው ሜዳ በየአርባ እርምጃው ምሰሶ ቆሟል። ምሰሶው በየበሩ ባሉት ጆሮዎች እየሰማ ድምፅ ይውጣል። ሰው ከተራ ንግግር ከፍ አድርጎ ከተናገረ፣ ውሻ ከጮኸ፣ ድስት ከወደቀ፣ ምሰሶው ያንኑ ድምፅ ገልብጦ ይልከዋል፤ ሁለቱ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ድስቱ ሲወድቅ ይታያል እንጂ አይሰማም።

ይህን በግድ የጫነባቸው የለም። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ወረቀት ይዘው በየበሩ ሲዞሩ ነዋሪው ሁሉ ፈርሟል። ያፌትም ፈርሟል። ያኔ ከብሎኩ ሥር የነበረው የብረት በር መሥሪያ እንቅልፍ ይነሳው ነበር።

ሲፈርሙ ያላሰቡት ለቅሶን ነው። በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ሞቱና የእድሩ ጡሩምባ ነፊ እንደ ልማዱ ሜዳው መካከል ቆሞ ጉንጩ እስኪወጠር ነፋ። ማንም አልወጣም። ሰውየው የጡሩምባውን አፍ ወደ ዓይኑ አዙሮ አየ፣ አራገፈው፣ እንደገና ነፋ። ከዚያ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንዲህ ነው የሚሄደው። ሰው ሲሞት አምባሩ ይቀላና ለጽሕፈት ቤቱ ይናገራል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነጭ መኪና መጥቶ አስከሬኑን ይወስዳል፣ በዚያው ቀን ይቀበራል። ያልተጣራ ሞት በስልክ መናገር ክልክል ነው፤ መስመሩ ይቋረጣል። በእግር ዞሮ ለመንገር ደግሞ የሽማግሌ ጉልበት ሁለት ብሎክ ሳይጨርስ መኪናው ይደርሳል። ሞቱ ተጣርቶ መልእክቱ ለእድርተኛው የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ እድርተኛው ድንኳኑን ተክሎ ባዶ ቤት ፊት ለፊት ይቀመጣል።

ሜላት የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ሳያያት መወሰድ። እናቷ እንደዚያ ነው የሄዱት። ሜላት መድኃኒት ቤት ደርሳ ስትመለስ አልጋው ተነጥፎ አገኘችው።

«ማልቀሱን የትም ማልቀስ ይቻላል» ትል ነበር። «እኔ እዚህ ተኝቼ ሰው በላዬ ጎንበስ ሲል ነው የምፈልገው። አንድ ጊዜ ይዩኝና ይውሰዱኝ።»

ልቧ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐኪሙ ክረምቱን አታልፍም ብሏል።

የእድሩ ሊቀ መንበር ኪሩቤል ወደ ያፌት የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ኪሩቤል ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሚስትም ልጅም የለውም፣ ምላሱ ግን ለሦስት ሰው ይበቃል። ያፌት ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የባንድ ኪቦርድና ሲንተሳይዘር ሲጠግን የኖረ መሆኑን ያውቃል።

«አንተ የመሣሪያ ሰው ነህ» አለው ደረጃው ላይ ተቀምጦ። «ምሰሶው የማይውጠው ጡሩምባ ትሠራለህ ወይስ አትሠራም?»

«ምሰሶው የሚውጠው የሚያውቀውን ነው» አለ ያፌት። «ሞገዱ መቼ እንደሚነሳ አስቀድሞ ካላወቀ ምን ገልብጦ ይልካል?»

«በአማርኛ ንገረኝ።»

«አንድ ሰው ሲራመድ እግሩ የት እንደሚያርፍ ካወቅህ ጉድጓድ ቆፍረህ ትጠብቀዋለህ። እርምጃውን ሳይለውጥ አንዴ ቀደም፣ አንዴ ዘግየት እያለ ካረፈ ግን አታገኘውም።»

«ሰካራም ነው በለኛ።»

«ሰካራም ይወድቃል።»

«የማይወድቅ ስንት አውቃለሁ» አለ ኪሩቤል። «ብቻ ሥራው።»

ያፌት ሥራውን የጀመረው ከሞቱ ኪቦርዶች ሆድ በነቀላቸው ዕቃዎች ነበር። መጀመሪያ ሞገድ የሚያመነጨውን ዕቃ፣ ኦሲሌተሩን ሠራ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም አንድ ካፓሲተር በዝግታ ይሞላል፣ ጫፍ ሲደርስ ባንዴ ይፈስሳል፣ እንደገና ይሞላል፤ ሞገዱ ሲታይ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ከሥሩ ሌላ ቮልቴጅ አስገብቶ ከመጋዙ ጥርስ ጋር አፎካከረው። ያ ቮልቴጅ ከፍ ሲል ሞገዱ ዘግይቶ ይነሳል፣ ዝቅ ሲል ቀድሞ ይነሳል። ዜማው ያው ዜማ ነው፤ የሚነሳበት ቅጽበት ግን ይዋልላል። በሙያው ስሙ ፌዝ ሞጁሌሽን ይባላል። ድሮ ሙዚቀኞች ድምፁ እንዲያብረቀርቅላቸው ይወዱት ነበር።

የሚያዋልለውን ቮልቴጅ ከሌላ ዝግ ካለ ኦሲሌተር ወሰደና ሁሉንም በአንድ ሳጥን ከትቶ ስፒከር አገናኘለት፤ ድምፁ ሜዳ እንዳይደርስ የታችኛውን በር ዘግቶ ደረጃው ላይ ለኮሰው። አሥራ አንድ ሰከንድ ጮኸ። ከዚያ ተዋጠ። የስፒከሩ ወረቀት ይንቀጠቀጣል፣ የመለኪያው መርፌ ይወዛወዛል፣ ድምፅ የለም። ያፌት ሁለተኛ ኦሲሌተር ጨመረ፤ አሥራ ስድስት ሰከንድ። ሦስተኛና አራተኛ ጨመረ፤ ሃያ። ሦስት ወር በዚህ አለቀ። ሜላትም በሦስቱ ወር ውስጥ ከወንበር ወደ አልጋ ዞረች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከአልጋዋ ሆና ስትመለከተው ሁለት ትራንዚስተሮችን ጀርባ ለጀርባ በሙጫ እያጣበቀ ነበር።

«ምንድነው የምታደርገው?»

«አንዱ ሲሞቅ ሌላውም እኩል እንዲሞቅ ነው። እንዲህ ከተጣበቁ ድምፁ ከቦታው አይንሸራተትም።»

«እንዳይንሸራተት ነው የምትፈልገው?»

ያፌት እጁ ላይ ያለውን አየ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሙዚቀኛ ሁሉ አዳራሹ በሞቀ ቁጥር ድምፁ ይሸሽብኛል እያለ ሲያማርርበት ኖሯል። እሱም ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሚሸሸውን ሲያስር ኖሯል። እጁ ይህን የሚሠራው ሳይጠየቅ ነው። ለምሰሶው ያዘጋጃቸው አራት ኦሲሌተሮች በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ የረጉት ነበሩ።

«ሦስት ወር» አለች ሜላት። «ሦስት ወር ሙሉ ምሰሶውን ስታጎርሰው ነው የከረምከው።»

«ሳቅሽን ያዢ፣ ያስልሻል።»

«ልሳልበት» አለች፤ ሳለችም።

ሙጫውን በምላጭ ፋቀ፣ ትራንዚስተሮቹን አለያያቸው። ድምፁ ሁለት ደቂቃ ቆየ። የደረጃው ሙቀት የሚለወጠው በዝግታ ነው፤ ምሰሶው ደግሞ ዝግታን ይማራል። ሕይወት ያለው ነገር ያስፈልግ ነበር። ያፌት ከድሮ የበር እጀታ ሁለት የነሐስ ሳህኖች ቆርጦ ለሁለት እጅ መዳፍ ማረፊያ አደረጋቸው። የመዳፉ ላብና የደም ሥሩ ትርታ ቮልቴጁን ያንቀሳቅሳሉ፤ ቮልቴጁ ደግሞ ሞገዱን። እጁን ጫነ። ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ደረጃው ግርጌ ይጠብቅ የነበረው ኪሩቤል ሰምቶ ጫማውን ጥሎ በካልሲው ሮጦ ወጣ።

በማግስቱ እንደገና እጁን ጫነ። አንድ ሰከንድ እንኳ አልጮኸም። ምሰሶው እጁን አውቆታል። የኪሩቤልን እጅ ሞከሩ፤ ሰባት ደቂቃ። በማግስቱ ዝም። ሁለቱ አብረው ጫኑ፤ ዝም። የታወቀ እጅ ከገባበት ሁሉም ይዋጣል።

«አንድ ሰው አንድ ጊዜ ማለት ነው» አለ ኪሩቤል።

«አንድ ጊዜ።»

«የኔና ያንተ በሙከራ አለቀ።»

«አለቀ።»

ኪሩቤል መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «ያገባ ሰው መጀመሪያ እኔን ማስሞከር ነበረበት» አለ። ያፌትም ሌሊቱን ሲያስበው ያደረው ይህንኑ ነበር።

እድሩ በእሑድ ተሰበሰበ። አርባ አንድ ቤት ነው። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ኪሩቤል አስረዳ፤ ሰዉ እንደለመደው ድምፁን አለስልሶ ተንሾካሾከ። መጀመሪያ የተነሳችው ፌቨን ነበረች። ከያፌት ቤት ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት፤ ሳንባው የታመመ ናታን የሚባል ወንድሟን ታስታምማለች። ከእርስ በርሳቸው በቀር ዘመድ የላቸውም።

«የእያንዳንዱ ሰው እጅ ለራሱ ቤት ይሁን» አለች። «ዛሬ ለጎረቤት ብሰጥ ነገ ናታን ሲሞት ምን ይዤ ልወጣ ነው?»

«የያፌትስ ቤት?» አለ ኪሩቤል። «የሱ እጅ ለእኛ ሲባል ነው የሄደው።»

«ያንተም ሄዷል» አለው አንድ ሰው ከኋላ።

«እኔ ብቻዬን ነኝ። ተነፋልኝ አልተነፋልኝ፣ ልሰማው ነው?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሁሉም እጁን ጠረጴዛ ሥር አድርጎ ነበር።

«ጋሽ ያፌት፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ፌቨን። «እትዬ ሜላትን እንደ እህቴ ነው የማያት። ግን ናታን…»

«ገብቶኛል» አለ ያፌት።

ደንቡ ተጻፈ። ሁሉም ፈረሙ። ያፌትም ፈረመ።

ቤት ሲገባ ሜላት ዓይኗን ገልጣ ጠበቀችው።

«ማን ሰጠህ?»

«ደንብ ወጣ።»

«ማንም አልሰጠህም።»

ያፌት አምባሩን አየ፤ አረንጓዴ ነው። ውሃ ቀዳላት። ጠጥታ ብርጭቆውን መለሰችለት፤ ከዚያ ሁለት መዳፎቿን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋች።

«የኔ አልተነካም» አለች።

«ከሞትሽ በኋላ እጅሽ አይመታም።»

«ከሞትኩ በኋላ ማን አለ? ከመሞቴ በፊት ነው።»

«በቁምሽ መርዶሽን ልታሰሚ?»

«ማን ያሰማልኝ ታዲያ? ደንብህ?»

ያፌት ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። የሚነግራት ሌላ ነገር ነበረውና አነጋገሩ ጠፋው። ሲጠፋው ደግሞ ዕቃ እንደሚያስረዳ ሰው ነው የሚናገረው።

«ሰባት ደቂቃ ነው ያለሽ። ከሩቅ ብሎክ ለሚመጣ ሰው ከእሷ ያነሰ አይበቃም። በዚያ ጊዜ ግን እኔ ልነካሽ አልችልም። ከነካሁሽ የኔ ትርታ በገላሽ በኩል ይገባል። ምሰሶው ያውቀኛል።»

ከታች ሜዳው ላይ አንድ ሰው ባዶ ጋሪ እየገፋ ያለ ድምፅ አለፈ።

«እንግዲያው ቀረብ ብለህ ተቀመጥ» አለች በመጨረሻ። «አይሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ የጠዋት ሥራው ላይ አንድ ነገር ጨመረ። ጆሮውን ይጠርጋል፣ ትራሱን ያስተካክላል፣ አምባሩን ያያል፣ ሳጥኑን ያለ እጅ ለኩሶ መርፌውን ይፈትሻል። የነሐስ ሳህኖቹን በአመድ ያጸዳል። ሌላ ሰው ቢያየው ምግብ ማቅረቢያ የሚያዘጋጅ ይመስለው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ አምባሩ ቢጫ ሆነ። ያፌት አጠገቧ ነበር። ሜላት መተንፈሷ ተቆራርጧል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«አምጣው» አለች።

«ትንሽ እንቆይ። ቀድመሽ ከጀመርሽ…»

«ያፌት። አምጣው።»

መስኮቱን ከፈተ፣ ስፒከሩን ወደ ሜዳው አዞረ። ሳጥኑን ጭኗ ላይ አኖረላት። ሁለት እጆቿን አንድ በአንድ አንስቶ በሳህኖቹ ላይ አሳረፋቸው። ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ማብሪያውን ተጫነና እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ቆለፋቸው።

ድምፁ እንደ ጡሩምባ ጀመረ፤ ረጅም፣ ሻካራ። ከዚያ በልቧ ልክ መወዛወዝ ያዘ፤ ይቀድማል፣ ይዘገያል፣ ያመነታል፣ ይመለሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ከንግግር በላይ ምንም ያልሰማው ሜዳ ላይ ወጣ። አንድ ውሻ መሬት ለመሬት ተጋደመ። ቅጠል ይጠርጉ የነበሩ አሮጊት መጥረጊያቸውን ጥለው ጆሯቸውን ያዙና ተቀመጡ፤ ከዚያ እጃቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱ። መስኮቶች ተከፈቱ። የብሎክ አሥራ ሰባት፣ የብሎክ አሥራ ሁለት በሮች ተከፈቱ። ሰዎች ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ፣ ድምፁ ወደሚመጣበት ፊታቸውን አዞሩ፣ መሄድ ጀመሩ።

«እየመጡ ነው?» አለች ሜላት።

«እየመጡ ነው።»

«ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው። ኪሩቤል ከፊት ነው። በነጠላ ጫማ።»

ፈገግ ያለች መሰለው። ዓይኗ እሱ ላይ ነበር። አንገቷ በትራሱ ላይ አጋደለና ሊያቃናላት ክንዱ ብቻውን ተነሳ፤ መልሶ ጉልበቱ ሥር ከተተው። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ሦስት። ድምፁ ለአፍታ ቆመ፣ ተንገዳገደ፣ እንደገና ሄደ። ከዚያ መወዛወዙን ተወ። አንድ ወጥ፣ ቀጥ ያለ፣ የተስተካከለ ድምፅ ሆነ። ያፌት ገና የአምባሩን ቀለም ሳያይ አወቀ። ምሰሶውም አወቀ። በሁለት ትንፋሽ ውስጥ ውጦ ጨረሰው።

በመስኮቱ ቁልቁል ሲያይ ሰዎቹ ሜዳው መካከል ቆመዋል። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹ የትኛው ብሎክ እንደሆነ አላወቁም። አንዱ ወደ አሥራ ስምንት ይጠቁማል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ኪሩቤል ወደ አሥራ ዘጠኝ እየጠቆመ አፉን ከፍቶ ይጣራል፤ ድምፁ አይሰማም፣ የኋለኞቹም አያዩትም። ያፌትም ከመስኮቱ ጮኸ። የራሱን ጩኸት እሱ ራሱ አልሰማውም። ዳር ላይ የነበሩ ሁለት ሴቶች ዞረው ወደ ቤታቸው መመለስ ጀመሩ። አምባሩ ቀልቷል።

በሩ ተከፍቶ ፌቨን ገባች። የኩሽና ሽርጥ እንዳደረገች ነው። አልጋውን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ በመስኮቱ ሜዳውን አየች።

«ለምን ቆሙ?»

«ጠፋባቸው።»

ፌቨን መዳፎቿን በሽርጧ ጠረገች። ደረቅ እስኪሆኑ ደጋግማ ጠረገች።

«እጆቿን ያንሱልኝ» አለች።

«ናታንስ?»

«አይጠይቁኝ። ያንሱልኝ፣ እየተመለሱ ነው።»

ያፌት የሜላትን እጆች ከሳህኖቹ ላይ አነሳ። ገና ሞቃት ነበሩ። ፌቨን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሳጥኑን ወደ ራሷ ሳበችና መዳፎቿን ጫነች። ድምፁ ወጣ። የሜላትን አይመስልም፤ ፈጣን ነው፣ ይነጫነጫል፣ ይሮጣል። ሜዳው ላይ ራሶች ሁሉ ባንዴ ወደ መስኮቱ ተነሱ። ሁለቱ ሴቶች ዞሩ። ፌቨን እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፤ ልትጠርገው እጇን አላነሳችም፣ ያፌትም አልጠረገላትም፣ ሊነካት አይችልም። እሱ የሚስቱን እጆች ይዞ ነበር። እስከ መጨረሻው ያዛቸው።

ድምፁ ሲዋጥ ደረጃው ሞልቷል። መጀመሪያ የገባው ኪሩቤል ነው፤ አንድ ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ቀርቷል። ሜላት ላይ ጎንበስ አለ፤ ብዙ ቆየ። ከእሱ በኋላ ሌሎቹ አንድ በአንድ እየገቡ ጎንበስ አሉ። ያለቅሱ ነበር። ለቅሷቸው ከተራ ንግግር ከፍ ባለ ቁጥር ይጠፋል፣ ዝቅ ሲል ይመለሳል፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ቁርጥራጩ ብቻ ነበር። የነጩ መኪና ሰዎች ቃሬዛቸውን ይዘው መጡ። የሚያልፉበት አልነበረም። ቃሬዛውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ከሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመው ተራ ያዙ።

ፌቨን መቼ እንደወጣች ያፌት አላየም። የሷ በር ሲከፈት ግን በግድግዳው በኩል ሰማ፤ ከዚያ የናታን ድምፅ፣ የደከመ፣ በሳል የተቆራረጠ።

«ረጅም ነበር» አለ ናታን። «የማን እጅ ነው?»

ውሃ ሲቀዳ ተሰማ።

«የራሷ» አለች ፌቨን።